የሰሊጥ ገዢ የት ይደር? የትስ ይብላ?
ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ያለው የአልጋና የምግብ ሒሳብ

ሰሊጥ ፍለጋ ወደ መተማ የሚወርድ ነጋዴ የኩንታሉን ዋጋ፣ የመኪናውን ኪራይና የደላላውን ኮሚሽን አስቀድሞ ያሰላል። የሚያድርበትን አልጋ ግን የሚፈልገው ከደረሰ በኋላ ነው። በቆላው ኪሳራ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። አልጋ ያጣ ገዢ ከምርቱ ርቆ ያድራል፤ በማግሥቱ ሌላው ሚዛን ላይ ሲደርስ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው። ያለ አጎበር ያደረ ደግሞ ትርፉን ሐኪም ቤት ያወራርዳል።

መንገዱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጎንደር ደጋ ተነስቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ገንዳ ውኃ ይወርዳል። ከዚያ ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ድንበር ላይ ያበቃል።

ጎንደር፤ የምቾት አልጋ

ደህና እንቅልፍና ሙቅ ውኃ የሚፈልግ ሰው ጎንደር ላይ ይደር። እይታ ለሚመርጥ ከተማዋን ከኮረብታ ላይ ቁልቁል የሚያየው ጎሃ ሆቴል አለ። ገበያና ባንክ በቅርብ እንዲሆንለት የሚሻ ፒያሳ አካባቢ ያርፋል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በከተማዋ ሲቆይ ፒያሳን፣ ማኪያቶን፣ ፓስታንና «አልቤርጎ» የሚለውን ስም ትቶ ሄዷል። ቁርጥና ጥብስ የሚወድም እዚሁ ደጋው ላይ ቢጨርስ ይሻለዋል፤ በቆላው ሙቀት ጥሬ ሥጋ አይመከርም።

ገንዳ ውኃ፤ የሥራ አልጋ

ምርት ለማየት የሄደ ሰው ግን ጎንደር እያደረ ሊመላለስ አይችልም። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ገንዳ ውኃ ለሥራ ትቀርባለች፤ ሆስፒታልም አላት። እዚህ አልጋ ሲመረጥ የሚጠየቀው ስለ ቴሌቪዥን ሳይሆን ስለ ሦስት ነገር ነው፦ ያልተቀደደ አጎበር፣ የሚሠራ ማራገቢያና መኪና የሚያድርበት አጥር ግቢ። የሰሊጥ አጨዳና የወባ ወቅት አንድ ላይ ስለሚመጡ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ አጎበር የሌለው ክፍል በርካሽ ቢገኝም ርካሽ አይደለም። ሙቀት ሸሽቶ እርሻ ላይ ከግራር ሥር መተኛትም ካላዛር ለምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ያጋልጣል።

ኮኪት፤ የምሳ ጣቢያ

ኮኪት ለማደር ሳይሆን ለማየትና ለመብላት ትመረጣለች። በገበያ ቀን የከብቱንና የእህሉን ሁኔታ ያየ ነጋዴ ድንበሩ ላይ የሚነገረውን ዋጋ የሚያመዛዝንበት ያገኛል። የማሽላ እንጀራ ከፍየል ጥብስ ጋር በልቶ፣ የታሸገ ውኃ ይዞ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መንገዱን ቢቀጥል መልካም ነው።

መተማ ዮሐንስ፤ የድንበር ማዕድ

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባትና ስማቸውን የያዘችው ከተማ ማዶዋ ጋላባት ነው። ምግቡም የሁለት አገር ነው፦ በዚህ በኩል ሽሮና ጥብስ፣ በዚያ በኩል በሰሊጥ ዘይት የሚቀርብ ፉልና ቅመም የገባበት ሻይ። ሱዳኖች «አንገሬብ» የሚሉት በገመድ የተጠለፈ አልጋ ግቢ ውስጥ ሲዘረጋ ከተዘጋ ክፍል ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ አጎበር እስከተሰቀለበት ድረስ። እዚህ ማደር የሚጠቅመው የድንበር ሥራ ላለው ብቻ ነው። ሰሊጥ ብቻ የሚገዛ ሰው ተመልሶ ገንዳ ውኃ ቢያድር አይጎዳም።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱ

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ መተማ የነጋዴ ብቻ ሳትሆን የስደተኛ መግቢያም ሆነች። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአካባቢው በተካሄደ ውጊያ ሳቢያ የሱዳን ወገን የጋላባትን መተላለፊያ ዘግቶ ነበር። በመንገዱ ላይ መንገደኞች መታገታቸውም በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ስለዚህ አልጋ ከመያዝ በፊት በዚያው ሳምንት ከወረደ ሾፌር መጠየቅ፣ በቀን መጓዝና ጥሬ ገንዘብ ትቶ በባንክ ማስተላለፍ የሒሳቡ አካል ናቸው።

ይህ ለባለሀብቱም ትምህርት አለው። በኅዳር አልጋ ጠፍቶ ነጋዴ በረንዳ ላይ ሲያድር ያየ ሰው ሆቴል መሥራት ያምረዋል። ነገር ግን አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ወደ ደጋ ሲመለስ ክፍሉ ባዶ ይቀራል፤ ድንበሩ ሲዘጋ ደግሞ ወቅቱም አያድነውም። በቆላው አልጋ የሚሠራ ሰው ብድሩን መቁጠር ያለበት በሦስቱ የሰሊጥ ወራት ሳይሆን በዘጠኙ የዝምታ ወራት ነው። ያን ቆጥሮ አጎበሩን የሰቀለ ግን ደንበኛው በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣለታል።