ደላላውን ማመን እስከ የት?

እኅቴ «ቤት አገኘን!» ብላ የደወለችልኝ ሐሙስ ማታ ነበር። ደባርቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስት ክፍልና ከጓሮው ሰርቪስ ያለው፣ ውኃና መብራት የገባለት ቤት ነው። ዋጋው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር። እሷና ባለቤቷ ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ገንዘቡ ስድስት ዓመት ዕቁብ ሲጥሉ፣ ሲበደሩና ሲከፍሉ ያጠራቀሙት ነው። «ግን ነገ ጠዋት ከጎንደር ሌላ ገዥ ይመጣል አለን። ዛሬ ማታ 50 ሺህ ብር ቀብድ ካልሰጠን ያመልጠናል» አለችኝ።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። «ዛሬ ብቻ»፣ «ጥቂት ቀርቷል» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ስጽፍ ነው የምውለው። ያ ከጎንደር የሚመጣው ገዥ እውነተኛ ሰው ይሁን ፈጠራ መጠራጠር ነበረብኝ፤ ተጠራጥሬማለሁ። ነገር ግን እኅቴን እንደዚያ ደስ ብሏት ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ቀብዱ በዚያው ምሽት ደላላው እጅ ገባ። ደረሰኝ የለም፣ የባንክ ዝውውር የለም፣ ሻጩም በቦታው አልነበሩም።

እርስዎም ቤት ለመግዛት እየዞሩ ከሆነ፣ «ይህ ደላላ የሚነግረኝ ሁሉ እውነት ነው?» የሚል ጥርጣሬ ሳይገባዎት አልቀረም። ጥርጣሬውን ይዞ ምን ማድረግ ይቻላል? አዲስ አበባ ቢሆን ስልኩን ዘግቶ ሌላ ደላላ መፈለግ ቀላል ነው። ትንሽ ከተማ ላይ ግን ነገሩ ይለያል።

ሁሉም የሚተዋወቅበት ከተማ

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያና የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ፣ ከግጭ መንደር፣ የተነሡ ከ400 በላይ አባወራዎች የሰፈሩትም እዚሁ ከተማ ጠርዝ ላይ ነው። ወደ ጎንደር አቅጣጫ ወረድ ሲሉ ደግሞ ዳባት አለች፤ በአቅራቢያዋ የአለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ስላለ የድርጅት ሠራተኛው ይመላለስባታል። መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ውጭ አገር ያለው ልጅ ለእናቱ፣ ሁሉም ቤት ይፈልጋል።

ቤት የሚያገናኘው ሰው ግን ቢሮ ከፍቶ፣ ስሙን በር ላይ ሰቅሎ የሚጠብቅ አይደለም። ጠዋት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ያገኙታል። ዛሬ ቤት፣ ነገ ከብት፣ ከነገ ወዲያ የአይሱዙ ጭነት ያገናኛል። የእኅቴ ዕድርተኛ ነው፤ ባለቤቱ ከእኅቴ ጋር የጽዋ ማኅበር ይጠጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው «ፈቃድዎን ያሳዩኝ» ማለት በአገሩ ወግ ስድብ ይመስላል። ነውሩን ፈርቶ ሳይጠይቅ የሚፈርመው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ እንደማየው ብዙው ኪሳራ የሚመጣውም ከዚህ ይሉኝታ ነው።

ለነገሩ ድለላ የንግድ ሥራ ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ መነገድ አይቻልም፤ ደላላም ከዚህ ውጭ አይደለም። ሌላው ዓለም ከዚህም ይጠብቃል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ የቤት ደላሎች እንዲመዘገቡ ታስገድዳለች። እንግሊዝ ደግሞ በ1979 ሕጓ ደላላው ራሱ በሽያጩ ውስጥ ጥቅም ካለው ለገዥው አስቀድሞ እንዲነግር ታዛለች። የእኛው ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን የሚመለከት አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ደባርቅ ቡና ቤት በረንዳ ላይ እስኪደርስ ግን ጥንቃቄው የእርስዎ ነው።

ሦስት መቶ ሺህዋ

ወደ ቤቱ ልመለስ። ቀብዱ በተሰጠ በአምስተኛው ቀን የእኅቴ ባለቤት ለቅሶ ቤት ከሻጩ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጠ። አዛውንቱ ጠጋ ብለው «እንግዲህ ልጄ፣ ያችን አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ አንድ ላይ ብታደርጉልኝ» አሉት። እሱ የሚያውቀው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። መሐል ላይ 300 ሺህ ብር አለች።

ይህ የተለመደ ነው። ሻጭ «ለእኔ ይህን ያህል ይግባልኝ» ይላል፤ ደላላው የፈለገውን ላዩ ላይ ጭኖ ለገዥ ይናገራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ይቀበላል። በልማድ ሁለት ሁለት በመቶ የሚባለው ነው። አንዳንዱ ደላላ ይህን እንደ ማጭበርበር አያየውም፤ «ሻጩ የጠየቀውን አገኘ፣ ገዥውም ተስማማ፣ ማን ተጎዳ?» ይላል። የተጎዳው 300 ሺህ ብር የከፈለው ነው። ሻጩም ቢሆኑ ቤታቸው ስንት እንዳወጣ ሳያውቁ መሸጣቸው ነው።

እኅቴ ተናድዳ በነጋታው ዕድር ላይ ልታዋርደው ነበር። ተው አልናት። ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ «ሌባ» ከተባለ በኋላ መረጃ የሚሰጥ ሰው የለም። እኅቴ ደውላ «ጋሼ፣ ውል ከመጻፋችን በፊት ከሻጩ ጋር አንድ ላይ ቁጭ ብለን ዋጋውን እንጨርስ፤ የእርስዎንም ድርሻ በወረቀት እናስፍር» ብቻ አለችው። ዋጋው ሻጭና ገዥ ባሉበት ይነገር፣ ኮሚሽኑም ይታወቅ ማለት ነው። ሐቀኛ ደላላ በዚህ አይከፋም። የእኛው ግን ተቆጥቶ ሁለት ቀን ስልክ አላነሣም፤ በሦስተኛው ቀን መጣ። ዋጋው 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ሆነ። እዚህ ላይ ያበቃ መስሎን ነበር።

ካርታው የማን ነው?

እኅቴ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሄደችው በእኔ ውትወታ ነው። ደላላው የካርታውን ፎቶ በቴሌግራም ልኮላት ነበር፤ ከታች ያለው ስም ደብዝዟል። ማዘጋጃ ቤት ከሻጩ ጋር ሄደው ፋይሉ ሲወጣ ካርታው ያለው በሻጩ ስም ሳይሆን ከዓመታት በፊት በሞቱት አባታቸው ስም ነው። ጎንደር የምትኖር እኅት አለቻቸው። የወራሽነት ማስረጃ አልወጣም፣ ክፍፍል አልተደረገም። አዛውንቱ ክፋት የላቸውም፤ «ያሳደግኩት ቤት እኮ ነው» ይላሉ። ደላላው ግን ያውቅ ነበር። ሲጠየቅ «እሱ ቀስ ብሎ ይስተካከላል ብዬ ነው» አለ።

ስለዚህ የካርታውን ፎቶ ሳይሆን ዋናውን ይዩ፤ ከሻጩ ጋር ሄደው ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ጋር ያመሳክሩ፤ ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ያስወጡ። ባንክ ይዞት ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ ባለቤታቸውም ይፈርሙ፤ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ፈቃድ ከተሸጠ ያልፈቀደው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስፈርሰው ይችላል። ሻጩ በወኪል ከሆነ ውክልናው ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ መሆን አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስ የሚዘራበትን ማሳ «ቦታ» ብሎ የሚያሳይ ደላላ ካጋጠመዎት ደግሞ ጊዜዎን አያጥፉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የአርሶ አደር ይዞታ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት የእርስዎ አይሆንም። ቤት ቢሠሩበትም የጨረቃ ቤት ነው።

ውሉም እንዲሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ባለሥልጣን ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። በኋላ ላይ ሻጩ ውሉን ካልካደ በሚል የተለሳለሰ ውሳኔም ሰጥቷል። የሻጭ አለመካድ ላይ የልጆችዎን ቤት የሚያስቀምጡ ከሆነ ድፍረትዎን አደንቃለሁ።

ደላሎች የሚወዷት አንዲት ምክር አለች፦ «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ከግብር ይድናል»። የቴምብር ቀረጡ ከዋጋው 2 በመቶ ስለሆነ ታጓጓለች። ነገ ግን ሽያጩ ቢፈርስና ገንዘብ ይመለስ ቢባል፣ በእጅዎ ያለው ማስረጃ 900 ሺህ የሚል ወረቀት ነው። የቀረውን ሚሊዮን በምን ያስረዳሉ? መንግሥትን ማታለልዎ ሳይረሳ። ደላላው ያን ጊዜ ኮሚሽኑን ከበላ ቆይቷል።

ይህ ሁሉ የትንሽ ከተማ ችግር እንዳይመስልዎት። አዲስ አበባ ላይ ባማረ ቢሮና በደማቅ ማስታወቂያ ይሸጥ የነበረው አክሰስ ሪል ስቴት ከ2,000 በላይ ቤት ገዥዎችን ለዓመታት ደጅ አስጠንቷል። ማስታወቂያው ያማረ መሆኑ ሰነዱን አይተካም፤ ይህን የምለው ማስታወቂያ ሠሪው እኔ ነኝ።

ሃምሳ ሺህዋ እንዴት ተመለሰች

እኅቴ ቤቱን ተወችው። ቀብዱ ግን ደላላው ዘንድ ነው። ሕጉ ቀብድን ያከብራል፤ በቁጥር 1885 ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ይህ ግን ቀብዱን የተቀበለው ተዋዋዩ ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ሲሆን ነው። ሻጩ ከ50 ሺህዋ አንዲት ሳንቲም አላዩም፤ ደላላውም ውክልና የለውም። «እጥፍ ይመልስልን» ለማለት መነሻ እንኳ አልነበረንም። ቀብድ ከሰጡ ለሻጩ፣ በባንክ፣ «ለዚህ ቤት ቀብድ» ተብሎ ይጻፍበት።

ፖሊስ ጋ መሄድ ይቻል ነበር። እውነቱን ደብቆ የሰውን ገንዘብ መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀል ነው። የእኅቴ ባለቤት ክሱን ወደደው፤ እሷ ግን ከሰውየው ሚስት ጋር በየወሩ ጽዋ ላይ እንደምትገናኝ አሰበች። በሽማግሌ እንዲሆን ተስማሙ። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ደላላው 50 ሺህ ብር መቀበሉን በጽሑፍ አምኖ ይፈርም፣ የሚመልስበትም ቀን ይጻፍ። እርቅ ካልሠራ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፈረመ። መጀመሪያ 30 ሺህ፣ ከአራት ወር በኋላ ደግሞ 20 ሺህ መለሰ። በእነዚያ አራት ወራት የቤት ኪራይ ሁለት ሺህ ብር ጨመረባቸው።

ቤት እስካሁን አልገዙም፤ ዳባት ላይ አንድ እያዩ ነው፣ በሌላ ደላላ በኩል። በቀደም ግን ያ የደባርቁ ደላላ ለእኅቴ ደወለ። «አንድ ቤት መጥቷል» አላት። ዋጋውን ከመጥራቱ በፊት «ካርታው በባለቤቱ ስም ነው፤ ሂጂና ማዘጋጃ ቤት እዪው፣ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ» አለ። እኅቴ እስካሁን አልሄደችም፤ እያሰበችበት ነው።