ዝርያና ማዳቀል በሚደልቡ ከብቶች እድገት ላይ ያላቸው ድርሻ

በድሬዳዋና በአካባቢዋ ከብት የሚያደልቡ አርቢዎች ለግዢ ሲወጡ በቅድሚያ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። ዝርያውንም እንዲያዩ እናሳስባለን። አንዱ ወይፈን በቀን 600 ግራም፣ ሌላው 800 ግራም ቢጨምር፣ በ90 ቀን ልዩነቱ 18 ኪሎ ይሆናል።

ከአገራችን ዝርያዎች ቦረና በግዙፍ ቁመናውና በሥጋው የታወቀ ነው። የሐረር ከብት በአካሉ አነስ ይላል፤ ይሁን እንጂ የሐረርጌ ገበሬ ከማሽላና ከበቆሎ ማሳው እየነቀለ በእጁ ሲያጎርሰው የሚሰባውን አሰባብ ያላደነቀ የለም።

የቦረና ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ስትዳቀል የሚወለደው ጥጃ ፈጥኖ ያድጋል። ይህ የዲቃላ ብርታት የሚጎላው ግን በመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ ዲቃሎቹ እርስ በርስ ሲራቡ ወደ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ዲቃላው መኖም ይበዛበታል። የፈረንጅ ደሙ በጨመረ ቁጥር ሙቀት ይከብደዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ ሙቀት ያደከመው ከብት መብላቱን ይቀንሳል፣ እድገቱም ይጓተታል።

ስለዚህ ጥላ፣ በቂ ውሃ፣ ፋጉሎና ፉርሽካ ለማቅረብ የማይችል አድላቢ ዲቃላውን ትቶ ሐረሩን ወይም ቦረናውን ቢይዝ ይሻለዋል እንላለን። ከእነዚህም ውስጥ አጥንተ ሰፊውን፣ በበሽታ ሳይሆን በመኖ እጥረት የከሳውን ወጣት ይምረጥ፤ እንዲህ ያለው ከብት መኖ ሲያገኝ የቀረበትን ቶሎ ያካክሳል።