የአብርሃም ሊንከን አባት ርስት

የአብርሃም ሊንከን አባት ቶማስ ሊንከን ስሙን ከመፈረም ያለፈ ጽሕፈት የማያውቅ ገበሬ ነበር። ስለዚህም ታሪኩ በብዛት የሚገኘው ከፍርድ ቤት፥ ከመሬትና ከግብር መዛግብት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1786 አባቱ በኬንታኪ ጠረፍ በነባር ተወላጆች እጅ ሲገደል፥ በጊዜው ሕግ መሠረት መሬቱ ለበኵሩ ለሞርዴካይ ተላለፈ፤ ታናሹ ቶማስ ባዶ እጁን ቀረ። ኋላም በድካሙ እዚያው ኬንታኪ እርሻ ቢገዛ፥ አገሩ አስቀድሞ በመንግሥት ቀያሽ ስላልተለካና ወሰኑ በዛፍና በወንዝ ስለሚጠቀስ፥ የአንዱ ይዞታ በሌላው ላይ እየተደረበ ክርክር አላስቀምጠው አለ።

በ1816 መንግሥት መሬቱን አስቀድሞ ለክቶ ወደሚሸጥበት ወደ ኢንዲያና ፈለሰ፤ በ1827ም የ80 ኤክር የባለቤትነት ማስረጃ ተቀበለ።

እንግዲህ በመዝገብ ላይ የምትሰፍረው አንዲት መስመር የአንድ ቤተሰብ ዕድል መሆኗን ከዚህ እንረዳለን።