የስኪ መንገድ የሚሠራው በሐምሌ ነው

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ሲወዳደር የኢትዮጵያ ስም በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራ። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ስኪ የለመደው በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜን፣ በአዲሮንዳክ ተራሮች መካከል ባለችው ሌክ ፕላሲድ ነው። ከተማዋ በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሊምፒክን ስላስተናገደች ስለ ሜዳሊያውና ስለ መዝለያ ማማዎቹ ብዙ ተብሏል። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው ግን በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት መጋዝና መቀስ ተሸክመው ጫካ የሚገቡትን በጎ ፈቃደኞች ነው። እነሱ ባይኖሩ በጥር ስኪውን አስሮ የሚወጣው ሰው የሚሄድበት አይኖረውም።

በዚያ አካባቢ ጃክራቢት የሚባል መንገድ አለ። ኪን የተባለችውን መንደር ከሌክ ፕላሲድና ከሳራናክ ሌክ ጋር ያገናኛል። ስያሜው ለኸርማን ዮሐንሰን መታሰቢያ ነው፤ ጃክራቢት ቅጽል ስሙ ነበር። በ1875 ኖርዌይ ውስጥ የተወለደው ይህ መሐንዲስ በአዲሮንዳክ፣ በኋላም በኩቤክ ሎረንሺያን ተራሮች የስኪ መንገድ ሲቀይስና ሲጠርግ ኖሮ በ1987 በ111 ዓመቱ ዐረፈ። ዛሬ መንገዱን የሚንከባከበው ባርክኢተር ትሬይልስ አሊያንስ የተባለ የአካባቢው ማኅበር ሲሆን፣ የደቦ ቀን እየቆረጠ በጎ ፈቃደኞችን ያሰማራል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ፣ ረጅም እጅጌ፣ ውሃ። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ የሚነክሰውን ጥቁር ዝንብ የማይችል ሰው የፊት መረብ ይያዝ፤ ወይም ሐምሌን ይጠብቅ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። «በረዶ ሁሉን ይሸፍነው የለ? ምን ያስጠርጋል?» የሚል ሰው ሞልቷል። ዕድሜ ልኩን ስኪ ሲሄድ የኖረ ሰው እንኳ ይህን ሲል ሰምቻለሁ። በረዶ ግን የሚሸፍነው ከዓይን ነው። ድንጋዩ የተነቀለበትና ሣሩ የታጨደበት መንገድ አንድ ስንዝር በረዶ ሲወርድ ይከፈታል፤ ድንጋያማውና ጉቶ የበዛበት ግን ክንድ ሙሉ በረዶ ይጠብቃል። በረዶው እየሳሳ በመጣበት በዚህ ዘመን ይህ ልዩነት ሳምንታትን ያስገኛል ወይም ያሳጣል።

ቡቃያውንም እንየው። በዚያ አገር የቢች ዛፍ ልጡን በሚያጠቃ በሽታ ስለሚመታ ከሥሩ ችምችም ያለ ቡቃያ ያወጣል። እንዲህ ያለው ቀጭን ቡቃያና ለጋ ጥድ በረዶውን ተሸክሞ መሬት እንዳይደርስ ያደርገዋል፤ ከታች ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ላዩ ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል፤ የስኪው ጫፍ ሲገባበት ግን ይሰምጣል፣ ጉልበትም ይጠመዘዛል። ያን ቡቃያ በነሐሴ ከመሬት እኩል መቁረጥ የደቂቃ ሥራ ነው። እኩል ስል እኩል ማለቴ ነው። ቀልጠፍ ያለ ሰው በሰያፍ ቆርጦ የሾለ ጉቶ ትቶ ያልፋል። በክረምት እዚያ ላይ የሚወድቅ ሰው እንዳለ እያወቁ እንዲህ መሥራት ነውር ነው።

ውሃ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ በብርቱ ውርጭ ጊዜም ስለማይቀዘቅዝ በረዶውን ከሥሩ ያቀልጠዋል። እዚያ ላይ ያለፈ ስኪ ገላው ይርሳል፤ ወዲያው ቀዝቃዛ በረዶ ሲነካ ይጋገርበትና መንሸራተት ያቆማል። ስለዚህ መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጠውን ቦይ ከቅጠልና ከደለል ማጽዳት፣ በዶማ ወደ ቁልቁለቱ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። በቦዩ ውስጥ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የሚጥል ሰው ሥራውን መልሶ አፈረሰው ማለት ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የከፍታውን ነገር ነው። ጀማሪ ሁሉ ቅርንጫፍ የሚቆርጠው እጁ ያለ ድካም በሚደርስበት፣ በደረቱና በፊቱ አቅጣጫ ነው። ዘወር ብሎ ሲያየው መንገዱ አምሮበታል። አንድ ሜትር በረዶ ሲወርድ ግን ሰው አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በሐምሌ ከራሱ በላይ የነበረው ቅርንጫፍ ዓይኑ ላይ ይመጣል። በዚህ ላይ የጥድ ክንዶች በረዶ ሲከብዳቸው ይወርዳሉ። ስለዚህ ከሚጠበቀው የበረዶ ከፍታ በላይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል መከፈት አለበት፤ አንድ ሜትር በረዶ በሚከማችበት ቦታ ይህ ከመሬት ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል።

በአንድ የደቦ ቀን አብሬያቸው የሠራሁ ሸምገል ያሉ ሴት ይህን ሳይናገሩ አስተማሩኝ። የጨረስኩትን ቦታ አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ ረጅም ዘንግ ያለውን መጋዝ ከትከሻቸው አውርደው ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ያዙትና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ተራመዱ። መጋዙ የነካው ቅርንጫፍ ሁሉ መቆረጥ ነበረበት። እኔ አልፌው የሄድኩት ስንት ነበር! ወፍራሙን ክንድ ሲቆርጡም መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ገዝግዘው፣ ቀጥሎ ከላይ ይጨርሱታል፤ አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይወርዳል። ከግንዱ ጋር የሚያያዝበትን አበጥ ያለ አንገት አይነኩም፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በእሱ ነውና። የተቆረጠውን ደግሞ እየጎተቱ ከመንገዱ ያርቁታል፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ጫካው፣ ቅጠሉ ወደ መንገዱ ዞሮ።

ስለ ስፋቱ አጭር ልበል። በዳገት ላይ ስኪው ጫፉ ተከፍቶ ስለሚረገጥ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በቁልቁለት ጠመዝማዛ ላይ የሚሰፋው የውጪው ጠርዝ ነው፤ ፍጥነቱን መግታት ያቃተው ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነውና።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ያገኙትን ዛፍ መጣል አይቻልም። የኒው ዮርክ ግዛት የአዲሮንዳክን የመንግሥት ደን ከ1894 ጀምሮ ዱር ሆኖ እንዲኖር በሕገ መንግሥቱ አጥሮታል። ዋይትፌስ በተባለው ተራራ ላይ የቁልቁለት ስኪ መንገድ ለማውጣት እንኳ በ1941 የግዛቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነበረበት፤ የመንገዱ ርዝመትና ስፋት ዛሬም በአንቀጽ 14 በማይልና በጫማ ተለክቶ ተጽፏል። የስኪ መንገድ ስፋቱ በሕገ መንግሥት መደንገጉ እኔን ደስ ይለኛል። ጃክራቢት ከፊሉ ዱር ተብሎ በተከለለ ደን ውስጥ ስለሚያልፍ በዚያ ክፍል የሞተር መጋዝ እንደልብ አይነሳም፤ የእጅ መጋዝና መጥረቢያ ነው ሥራው። በስውር ገብተው የራሳቸውን መውረጃ የሚጠርጉ ሰዎች ሕግ ከመጣሳቸውም በላይ በፈቃድ የሚሠራውን በጎ ፈቃደኛ ስም ያጎድፋሉ።

ለክረምቱ መንገደኛም አንድ ቃል አለኝ። በስኪ በተስተካከለ በረዶ ላይ በባዶ ቦቲ የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉድጓድ ይተዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጉድጓዱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዚያው አጠገብ ባለው የሃይ ፒክስ ዱር በረዶው ከ20 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ስኪ ወይም የበረዶ ጫማ ማድረግ ግዴታ ነው። ግዴታ ባልሆነበትም ቦታ እባካችሁ አድርጉት።

የመጨረሻው ዙር የሚደረገው ቅጠል ረግፎ የመጸው ነፋስ ዛፍ ከጣለ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከዚያም ወዲያ ሥራ አይጠፋም። ለጋ የበርች ዛፍ በመጀመሪያው እርጥብ በረዶ ጎብጦ መንገዱን ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜም ቀና አይልም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች በክረምትም ተጣጣፊ መጋዝ በቦርሳቸው ይዘው ይወጣሉ። የጎበጠውን ከመቁረጣቸው በፊት በረዶውን በዱላ መትተው ያራግፉለታል፤ ከተነሣ ይተዉታል።