ሰዓቱን ሳያሳጥሩ መጠበቅን ማሳጠር

ጠጋ በሉ፤ ይህ ወሬ ከእኛ ከአፕ ዲዛይነሮች ጠረጴዛ ብዙም አይወጣም። «ክፈል» የሚለውን ስትነኩ ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረው ክብ ስለ ክፍያችሁ የምታውቀው ነገር የላትም። ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር መልስ ቢያዘጋጅም፣ ቢያንቀላፋም እሷ መዞሯን አትተውም። የተቀመጠችው እናንተን ለማቆየት ነው። ባልደረቦቼ ቅር ይላቸው ይሆናል እንጂ ከሥራችን ብዙው ሰውን ማረጋጋት ነው።

በሙያው ስለ ሰልፍ ሲነሳ የምሁሩ የዴቪድ ማይስተር ስም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1985 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው ጊዜው እንደሚረዝምበት አስቀመጠ። እስከ መቼና ለምን እንደሚጠብቅ ያልተነገረውም እንደዚያው። ባንክ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» የተባላችሁ ቀን የተሰማችሁን አስታውሱ፤ ማይስተር የሚለው ያንን ነው።

እኛ ቤት ደጋግሞ የሚወራው ግን የሂውስተን ኤርፖርት ነገር ነው፤ ኒውዮርክ ታይምስም በ2012 ጽፎታል። መንገደኞች ሻንጣ ዘገየብን እያሉ ያማርራሉ። ሠራተኛ ተጨመረ፣ ጥበቃው በአማካይ ወደ 8 ደቂቃ ወረደ፣ ስሞታው ግን ንቅንቅ አላለም። ነገሩ ሲጠና መንገደኛው ሻንጣ መረከቢያው ጋ የሚደርሰው በ1 ደቂቃ ነው፤ 7ቱን ደቂቃ ቆሞ ባዶ ቀበቶ ሲዞር ያያል። ስለዚህ አውሮፕላኖቹን ራቅ ያለ በር ላይ አቆሟቸው። ሰው በእግሩ እየሄደ ደቂቃዎቹ አለቁ፤ ስሞታውም ጠፋ ማለት ይቻላል።

የሊፍት በር መዝጊያ ቁልፍም የዚሁ ወገን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በሩ ለሁሉም ሰው በቂ ጊዜ ክፍት እንዲቆይ ስለሚያስገድድ፣ በብዙ ሕንፃዎች ቁልፉ የሚታዘዘው ለእሳት አደጋ ሠራተኛና ለጥገና ባለሙያ ነው። ተሳፋሪው ግን ይጫነዋል፤ በሩ በራሱ ጊዜ ሲዘጋም ደስ ይለዋል።

ስልካችሁ ላይ እየሞላ የሚሄደው መስመርም ተጠንቶበታል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ክሪስ ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳሳዩት፣ በመስመሩ ላይ ሸንተረሮች ወደ ኋላ ሲፈስሱ ጥበቃው ለተመልካቹ 11 በመቶ ያህል ያጠረ ይመስለዋል። ሃርቫርድ ያሉት ራያን ቢዩልና ማይክል ኖርተን ደግሞ በ2011 ከዚህ የባሰ ነገር አሳዩን፦ ድረ ገጹ ምን ምን እየፈለገላቸው እንደሆነ እያሳየ ሲያቆያቸው፣ ሰዎች ወዲያው ከመጣ መልስ ይልቅ ይህን የሚወዱበት ጊዜ አለ። የለፋ የሚመስል ነገር ይታመናል።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሱቅ ደጃፍ ላይ አዲስ ጥበቃ መጥቷል። ባለሱቁ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል። ገዢው «ልኬያለሁ እኮ» ይላል፤ ባለሱቁ «አልገባም» ይላል። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ፤ ኔትወርኩ ለግሟል። በዚያች ሰዓት ገዢው ፍጥነት አይደለም የሚፈልገው፤ «ብሬ የት ገባ?» ነው ጥያቄው። ስንት አፕ ግን «ስህተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» ብሎ ያርፋል! ይሞክሩ? ሁለቴ ቢቆረጥበትስ?

በዚህ መልእክት ላይ ከፕሮግራመሮች ጋር የማንጣላበት ጊዜ የለም። ደህና አፕ የመጀመሪያው ቃሉ ስለ ገንዘቡ ነው፦ «ከሒሳብዎ አልተቆረጠም»፣ ወይም «ተቆርጧል፤ በድጋሚ አይላኩ»። ችግሩ አንዳንዴ አፑ ራሱ አያውቅም። «የማናውቀውን ምን ብለን እንጻፍ?» ይሉኛል። እንደማናውቅ እንጻፋ! «ክፍያው ገና አልተረጋገጠም» የሚል ሐቀኛ መልእክት ከውሸት ክብ ይሻላል። ከጀርባ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ደንበኛው በጭንቀት አምስቴ ቢነካው እንኳ ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ አንዴ ብቻ ይቆርጣል። «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ከተነካ በኋላ የሚደበዝዘውም ለዚሁ ነው። ይህን ሥራ ማንም አያየውም፤ ለኔ ግን ከቆንጆ ቀለም ሁሉ ይበልጣል።

ይኸው ስለ መጠበቅ ያለን እውቀት ለክፉም ይውላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 አማዞንን ሲከስ፣ ከፕራይም አባልነት መውጫው መንገድ በኩባንያው ውስጥ «ኢሊያድ» ይባል እንደነበር በክሱ ላይ ገልጿል፤ በዚያ ማለቂያ በሌለው የጦርነት ግጥም ስም ማለት ነው። ክሱ በ2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ሰው ሲሰለች እንደሚተው ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መውጫን የሚያስረዝሙትም ይህን ስለሚያውቁ ነው። በኔ አስተያየት ጥበቃን የሚያቀልል ዘዴ ሁሉ ይፈቀድ፤ የሰውየውን ገንዘብ ወይም መውጫ በር የሚሸሽግ ግን ዲዛይን ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ለማንኛውም አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ክቧ መዞሯን አልተው ስትል ወይም አፑ «ስህተት» ብሎ ስለ ብራችሁ ዝም ሲል፣ እንደገና አትላኩ። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳባችሁንና የግብይት ዝርዝሩን እዩ።