ያውቁ ኖሯል? ቁጥር 11,982 የማይፈታ የካርታ እንቆቅልሽ ነው

አንድ ሰው ለብቻው የሚጫወተውን የካርታ እንቆቅልሽ ወደ ኮምፒውተር ካሸጋገሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የነበረው ፖል አልፊል ነው። አልፊል ‹‹ፕላቶ›› በተባለው፣ ለማስተማሪያነት በተዘረጋ የኮምፒውተር መረብ ላይ ሲሠራ፣ ካርታዎች በአንድ ዓይነት ምልክት ብቻ እንዲደረደሩ ያስገድድ የነበረውን የቆየ ጨዋታ ሕግ ለውጦ ቀይና ጥቁሩ እንዲፈራረቅ በማድረጉ፣ ዛሬ ፍሪሴል የሚባለው ጨዋታ ተገኘ። 52ቱም ካርታዎች ከመጀመሪያው ፊታቸው ተገልጦ ስለሚደረደሩና ለጊዜው ማሳረፊያ የሚሆኑ አራት ባዶ ቦታዎች ስላሉ፣ ውጤቱን ከዕድል ይልቅ ስሌት ይወስነዋል።

ጨዋታው ከዊንዶውስ 95 ጋር ተያይዞ መሰራጨቱ፣ በባኮም ሆነ በአምቦ ይህ ሥርዓት በተጫነበት የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አስችሏል፤ አለቆች ይህን መውደዳቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ጂም ሆርን ባዘጋጀው የዊንዶውስ ቅጂ ለእያንዳንዱ አደራደር ቁጥር በመሰጠቱ፣ በእጅ በሚበወዝ ካርታ ፈጽሞ በማይታሰብ ሁኔታ፣ ሩቅ ለሩቅ ያሉ ተጫዋቾች ያንኑ እንቆቅልሽ መሞከር ቻሉ። በ1990ዎቹ በጎ ፈቃደኞች በዚህ ቅጂ የነበሩትን 32,000 አደራደሮች ተከፋፍለው ሲፈትሹ ቁጥር 11,982 ብቻ አልፈታ አላቸው፤ መፍትሔ እንደሌለውም በኋላ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አረጋገጡ።