አልበሙን ብቻችሁን አትሥሩት

ዛሬ የማነሣላችሁ በየቤታችን ስላለ ነገር ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠው ፎቶግራፍ። የሌለው ቤት የለም። አንዳንዱ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ከመርካዝ ክሊታ ጀምሮ በያዝነው ፖስታ ውስጥ ነው። «አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ» እያልን ዓመቱ ያልፋል።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቄስ ነበር። ሲያርፍ ከጸሎት መጻሕፍቱ መሀል አንድ ፖስታ ተገኘ። ፎቶግራፎቹ ሃያ ሦስት ናቸው። በሰባቱ ላይ ያሉትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ጀርባቸው ላይም አንድ ቃል አልተጻፈም። አባቴ ግን ያውቃቸው ነበር። በየሰንበቱ አጠገቡ ተቀምጬ ስበላ አንድም ቀን «አባዬ፣ ይሄ ማነው?» አላልኩትም። ልጆችን «ጠይቁ» እያልኩ የማስተምር መምህር፣ እኔ ራሴ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ጥሩ አልበም ገዛሁና ሦስት ሌሊት ብቻዬን ሠራሁ። በአማርኛ፣ በቁም ጽሕፈት፣ አሳምሬ ጻፍኩ። ለልጆቼ ሳሳያቸው «ያፌ፣ አባ» ብለው ሁለት ደቂቃ አገላበጡና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። መጀመሪያ ተቀየምኩ። በኋላ ግን ገባኝ፦ እነሱ ያልነኩት፣ ሊያነቡት የማይችሉት ነገር እንዴት የእነሱ ይሆናል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የለ!

ነገሩን ያቃናችው የመጨረሻዋ ልጄ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት «ዓቮዳት ሾራሺም» አምጡ ተባለች፤ የቤተሰብን ሥር የመፈለግ ሥራ ማለት ነው። ፖስታውን ይዛ እናቴ ዘንድ ሄደች፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ መቅዳት ጀመረች። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። «እናና፣ ይሄ ማነው?» ስትል እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና፣ «ይሄማ የወለቃው አንጥረኛ ነው» አለች። አክስቴ በስልክ ሰምታ «የለም፣ የአምቦበሩ ነው!» ብላ ተከራከረች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሰባቱ አራቱ ስም አገኙ። ሦስቱን ለብቻቸው በአንድ ገጽ ላይ አደረግናቸውና ለስግድ ኢየሩሳሌም ስንወጣ ይዘነው ሄድን። አንድ ሽማግሌ አይተው አንዷን ሴት በስም ጠሯት። ስለዚህ የማታውቁትን ፎቶ አትጣሉት፤ ገጹን ክፍት ተዉና በሠርጉም በተዝካሩም ለዘመድ አሳዩት።

ልጄ ቀጥላ «እናና፣ ስንት ልጅ ወለድሽ?» አለቻት። እናቴ «ሰባት» አለች። ልጄ አጎትና አክስቶቿን በጣቷ ቆጠረች፤ ከእኔ ጋር ስድስት ነን። «አልተሳሳትሽም?» አለቻት። እናቴ ዝም አለች፤ እኔም መተርጎሜን አቆምኩ። አውቃለሁና። ከጎንደር በእግር ስንወጣ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ትንሿ እህቴ ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ቀርታለች። በቤታችን ስሟ ተጠርቶ አያውቅም ነበር።

ብዙ ቆይታ እናቴ ስሟን ጠራችው። ፎቶ የላትም። ልጄ «ታዲያ ገጹ ላይ ምን እናድርግ?» ብላ ጠየቀች። «ስሟን ጻፊ። ሌላ ምን አላት?» አለች እናቴ። ልጄ በዕብራይስጥ ጻፈች፤ «በእኛም ፊደል ይሁን» ስትል ደግሞ እኔ ጻፍኩ። እናቴ ማንበብ አትችልም። «የቱ ጋ ነው?» አለችና አሳየናት። ጣቷን አስቀመጠችበት።

በሱዳን መንገድ ያለቁት ወገኖቻችን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በየዓመቱ ኢያር 28 ቀን በሄርጽል ተራራ እናስባቸዋለን። ግን በየቤታችን አልበም ውስጥ አንድ ገጽ አላቸው ወይ? ፎቶ የለም ብላችሁ አትለፏቸው። አደራ የምላችሁ ግን፣ አረጋዊው ዝም ካለ አትጎትጉቱት። ቡናው ይቅረብ፣ ሌላ ቀን ይደርሳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በሰንበት አይቆረጥም፣ አይጻፍም፤ ማውራት ግን አይከለከልም። ስለዚህ ሰንበት ከምሳ በኋላ ፎቶውን እያያችሁ አውሩ፤ ሰንበት ከወጣ በኋላ ሥሩ። ለሁሉም እንደ አቅሙ ሥራ ስጡት፦ አያት ይናገራል፣ ወጣቱ በስልክ ይቀዳል፣ አማርኛ የሚችል በአማርኛ፣ ሌላው በዕብራይስጥ ይጽፋል፣ ሕፃናት ይሥላሉ፣ ይለጥፋሉ። የሕፃኑ መስመር ቢጣመም አታቃኑት። ወታደሩ ልጃችሁም የራሱን ፎቶ ያምጣ፤ አልበሙ የሞቱትና ያረጁት ብቻ አይደለም።

ዋናውን ፎቶ አትለጥፉት። ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አስባዙና ቅጂውን ለጥፉ፤ ዋናውን ፀሐይና እርጥበት በማያገኘው ቦታ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡት። ገጹ ራሱ የሚጣበቀውና በላስቲክ የሚሸፈነው የድሮ አልበም ፎቶ ያበላሻል፤ አሲድ የሌለበት ወረቀት ጠይቃችሁ ግዙ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ።

ለአንድ ገጽ አንድ ታሪክ ይበቃል። ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ የማን ዘመድ ነው፤ እነዚህን አራቱን አትርሱ። በ«መቼ» ላይ ተጠንቀቁ። ሙሴ ዘመቻ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1977 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1984 ነው። የሰሎሞን ዘመቻም ግንቦት 1983 ስንል ልጆቻችን ሜይ 1991 ይላሉ። ሁለቱንም ጻፉ፤ አለዚያ የልጅ ልጃችሁ «አያቴ ከመወለዷ በፊት መጣች» ይላል! የልደት ቀን የማይታወቅ ከሆነ «በአብዮቱ ዓመት፣ በአዝመራ» ብሎ መጻፍ በመታወቂያ ላይ ከተገመተው ቀን ይሻላል። ስምም እንደዚሁ ነው፤ አገር ቤት የወጣውንም እዚህ የተሰጠውንም ስም ጎን ለጎን አስቀምጡ።

አንድ ገጽ ደግሞ ለዘር ቆጠራ ይሁን። አባቶቻችን ጋብቻ ሲመጣ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥሩ ነበር። አሁን ልጆቻችን ከአያታቸው አያልፉም። የምታውቁትን ያህል ጻፉ፤ ለጎደለው ቦታ ተዉለት።

በመጨረሻ በእኛ ቤት የተነሣውን ክርክር ላጫውታችሁ። ልጄ አልበሙን እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ ልትጀምር፣ እኔ እንደ አማርኛ ከግራ ልጀምር ተጣላን። እናቴ «ሁለታችሁም በየራሳችሁ ጀምሩ» አለች። እንደዚያው አደረግን። ከግራ በኩል አገር ቤት ነው፣ በአማርኛ፤ ከቀኝ በኩል እስራኤል ነው፣ በዕብራይስጥ። መሀል ላይ የሚገናኙት አውሮፕላን ማረፊያ የደረስንበት ቀን ነው። የእህቴ ገጽ ከዚያ አንድ ቅጠል ቀደም ብሎ ይገኛል።

አልበሙ አላለቀም፤ ሁለት ፎቶም እስካሁን ስም የላቸውም። እናንተም በመጪው ሰንበት ያንን ፌስታል አውርዱት። የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው።